መታወቂያ ያልጠየቀው ፓይተን

በሜይ 1994 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ጉባኤ ጄኔቫ ላይ ሲካሄድ፣ በሰርን የምርምር ማዕከል የሚሠራው አሪ ሉኦቶነን እና የኢንቴሉ ኬቨን አልቲስ ስለ ፕሮክሲ አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጊዜው ትልልቅ ድርጅቶች የውስጥ ኔትወርካቸውን በፋየርዎል አጥረው ስለነበር፣ ከአጥሩ ውስጥ ያለ ሠራተኛ በቀጥታ ወደ ውጭ ወጥቶ ድረ ገጽ መክፈት አይችልም ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያቀረቡት መፍትሔ አጥሩ ላይ አንድ ሰርቨር ማቆም ነበር። ሰርቨሩ የሠራተኛውን ጥያቄ ይቀበላል፣ በእሱ ፈንታ ይወጣል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። አንዴ ያመጣውን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ስለሚሰጥም፣ በዚያ ዘመን ቀርፋፋ መስመር ላይ ትልቅ እፎይታ ሆነ።

ይህ እንዲሆን ግን ፕሮክሲው የተላከለትን ጥያቄ ማንበብ አለበት፤ የትኛው ገጽ እንደተፈለገ ካላወቀ ምን ሊያመጣ ይችላል? በ1994 ይህ ብዙ ሰውን አላሳሰበም። በድሩ ላይ የሚመላለሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ግልጽ ጽሑፍ ነበር። ጭንቀቱ የመጣው በኢንተርኔት ዕቃ መሸጥና መግዛት ሲታሰብ ነው።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ጂም ክላርክ እና ማርክ አንድሪሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ ኔትስኬፕን መሠረቱ። የባንክ ካርድ ቁጥሩን በግልጽ መስመር የሚልክ ደንበኛ እንደማይገኝ ስለገባቸው ኤስኤስኤል የተባለውን የምስጠራ ሥርዓት አሠሩ። የመጀመሪያው ዕትም ከቤት አልወጣም። ሁለተኛው በ1995 መጀመሪያ ይፋ ሆነ፤ ግብፅ የተወለደው የምስጠራ ሊቅ ጣሂር ኤልጋማልም የኩባንያው ዋና ሳይንቲስት ሆኖ ሥርዓቱን ከዳር ለማድረስ ገፋበት። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በሴፕቴምበር፣ የበርክሌይ ተማሪዎቹ ኢያን ጎልድበርግ እና ዴቪድ ዋግነር የኔትስኬፕ ብራውዘር ምስጢራዊ ቁልፎቹን ከምን እንደሚያወጣ ደረሱበት፦ ከሰዓቱ እና ከሁለት የፕሮሰስ ቁጥሮች። እነዚህን መገመት የቻለ ሰው ቁልፉንም ይገምታል። ሦስተኛውን ዕትም በ1996 ፖል ኮቸር ከኔትስኬፕ ሰዎች ጋር ሆኖ እንደ አዲስ ነደፈው፤ ዛሬ ቲኤልኤስ የምንለው ከዚያ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ፈጠራዎች ተጋጩ። ፕሮክሲ የተሠራው እንዲያነብ ነው፤ ኤስኤስኤል ደግሞ መካከል ላይ ያለ ማንም እንዳያነብ። እርቁን ያመጣው ያው ሉኦቶነን ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከሰርን ወደ ኔትስኬፕ ተሻግሯል። ያቀረበው ትእዛዝ «ኮኔክት» ይባላል። ብራውዘሩ ከፕሮክሲው ጋር ይገናኝና በግልጽ ጽሑፍ አንድ መስመር ይልካል፦ ኮኔክት፣ የሰርቨሩ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ 443። ቀጥሎ ባዶ መስመር። ፕሮክሲው ወደተጠራው ሰርቨር መንገድ ይከፍትና «200» ብሎ ይመልሳል፤ እሱም ባዶ መስመር ያስከትላል። ከዚያች ባዶ መስመር በኋላ ፕሮክሲው ማንበቡን ይተዋል። ከግራ የመጣውን ባይት ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ የመጣውን ወደ ግራ ማሳለፍ ብቻ ይሆናል ሥራው። ብራውዘሩ ምስጠራውን የሚጀምረው ያኔ ነው፤ በዚያው ክፍት ሶኬት ላይ፣ ከሩቁ ሰርቨር ጋር። ፕሮክሲው ማን ወዴት እንደሄደ ያውቃል፣ ምን እንደተባባሉ ግን አያውቅም።

ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ በግልጽ ከፕሮክሲው ጋር፣ ከዚያ በምስጢር ከሰርቨሩ ጋር። ብራውዘሮቹ በቶሎ ለመዱት። ፓይተን ግን ዓመታት ፈጀበት።

ፓይተንን ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 የገና ሰሞን አምስተርዳም ውስጥ ጀምሮ በፌብሩዋሪ 1991 ለሕዝብ ለቀቀው። ድሩ ሲስፋፋ ከቋንቋው ጋር አብሮ በሚመጣው መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ «ዩአርኤልሊብ» የሚባል ሞጁል ተጨመረ፤ አድራሻውን ከሰጡት ገጹን ያመጣል። ፕሮክሲ መኖሩን የሚያውቀው በኮምፒውተሩ ኢንቫይሮመንት ውስጥ ከተጻፈ «ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ» ከሚባል ቫሪያብል ነው፤ ልማዱ ከሰርን ሰዎች የመጣ ነው። ይህ ቫሪያብል ኋላ ጉድ ያፈላል፤ ጊዜው ሲደርስ እንመለስበታለን።

ምስጠራውን የፓይተን ሰዎች ራሳቸው አልጻፉትም። ያኔ አሜሪካ ጠንካራ ምስጠራን እንደ ጦር መሣሪያ ቆጥራ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ትከለክል ነበር። ኔትስኬፕ ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው ብራውዘር የሚጠቀመው ቁልፍ 40 ቢት ብቻ ነበር። ስለዚህ ነፃው የኤስኤስኤል ላይብረሪ የተጻፈው አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ኤሪክ ያንግ እና ቲም ሀድሰን ናቸው። በ1998 መጨረሻ ሌሎች ሥራውን ተረክበው ኦፕንኤስኤስኤል አሉት። በኦክቶበር 2000 የወጣው ፓይተን 2.0 ከዚህ ላይብረሪ ጋር ተቀናጅቶ መገንባት የሚቻል ሆነ፤ በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር አድራሻ መክፈት ቻለ።

ቻለ ሲባል ግን ግማሹን ነው። ሰርተፍኬት ለሰርቨር መታወቂያው ነው፤ ስሙ ይጻፍበታል፣ የታወቀ ሰጪ አካል ፊርማ ያርፍበታል። መታወቂያ ሳይታይ ምስጠራ ብቻውን ምን ይረባል? መካከል ላይ የተቀመጠ አጭበርባሪ «ባንኩ እኔ ነኝ» ብሎ የራሱን ሰርተፍኬት ቢያቀርብ፣ ውጤቱ ከአጭበርባሪው ጋር በጥብቅ ምስጢር መነጋገር ነው። ፓይተን የተሰጠውን ሰርተፍኬት ሳያይ ያሳልፍ ነበር። የሞጁሉ መመሪያ ሰርተፍኬቱ ምንም እንደማይረጋገጥ በማስጠንቀቂያ መልክ ጽፎታል። ማስጠንቀቂያ ማን ያነባል? ፕሮግራሙ ሠርቷል፣ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ይጀምራል፣ በቃ።

ከመደበኛው ላይብረሪ ጋር «ዩአርኤልሊብ 2» የሚባል አዲስ ሞጁልም መጣ። ፕሮክሲን የሚያስተናግድ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ ኮኔክትን ግን አያውቅም። ፕሮክሲ ካለ የኤችቲቲፒኤሱን አድራሻ ከነሄደሩና ከነኩኪው በግልጽ ጽሑፍ ለፕሮክሲው ያስረክባል። አንዳንዱ ፕሮክሲ እምቢ ብሎ ስህተት ይመልሳል። ሌላው ራሱ ከሰርቨሩ ጋር በምስጠራ ተገናኝቶ መልሱን በግልጽ ያመጣል። የትኛው ይብሳል ቢባል፣ በእኔ እምነት ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ቢያንስ ፕሮግራመሩን ያነቃዋል።

የፓይተን መመሪያ በፕሮክሲ በኩል ኤችቲቲፒኤስ እንደማይደገፍ በግልጽ ይናገር ነበር። የቸገረው ሰው አንዱ የጻፈውን ቁራጭ ኮድ ገልብጦ እየቀጠለ ኖረ። ችግሩ በ2006 በፓይተን የስህተት መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ የተፈታው በ2009 ነው፤ በፓይተን 2.6.3። ይህን ያህል መዘግየቱ በስንፍና ብቻ አልነበረም። የላይብረሪው አሠራር ሶኬቱን እንደከፈተ ወዲያው በምስጠራ ይጠቀልለው ነበር። ኮኔክት ደግሞ የሚገባው በትክክል በእነዚያ ሁለት እርምጃዎች መካከል ነው፤ ሶኬቱ ተከፍቶ፣ ገና ሳይጠቀለል። በፓይተን 2.7 ላይ ይህ «ሴት ተነል» በሚባል ሜተድ ለሁሉም ክፍት ሆነ። የዛሬውን ኮድ የከፈተ ሰው እዚያ አንዲት አጭር ሁኔታ ያገኛል፦ በፕሮክሲ በኩል እየሄድን ከሆነ ሰርተፍኬቱ ላይ የምንፈልገው ስም የፕሮክሲው አይደለም፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ስም ነው፤ ካልሆነ ግን ሶኬቱ በቀጥታ የተገናኘበት ስም ነው። ይህቺ ብትሳሳት ወይ ሁሉም ግንኙነት ይወድቃል፣ ወይ ማረጋገጡ ከንቱ ይሆናል።

በዚህ መካከል፣ በ2008፣ ቢል ጃንሰን የደከመበት አዲሱ የኤስኤስኤል ሞጁል ከፓይተን 2.6 ጋር ወጣ። ሰርተፍኬት ማረጋገጥ አሁን ተቻለ። ግን ካልጠየቁት አያረጋግጥም፤ ሳይነገረው የሚይዘው አቋም «ምንም አትይ» የሚል ነው። በሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም ከተፈለገው ስም ጋር መመሳሰሉን የሚያይ መሣሪያ የመጣው ገና በ2011፣ በፓይተን 3.2 ነው።

መደበኛው ላይብረሪ ሲንቀራፈፍ ሌሎች ቀደሙት። አንድሬ ፔትሮቭ በ2008 «ዩአርኤልሊብ 3»ን ጻፈ። ስሙ ያሳስታል እንጂ ከቀደሙት ሁለቱ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከፓይተንም ጋር አብሮ አይመጣም። በ2011 ኬነት ራይትዝ «ሪኩዌስትስ»ን ሠራ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ በዩአርኤልሊብ 3 ላይ ቆመና የፓይተን ሰው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ሪኩዌስትስ ሞዚላ ከሚያዘጋጀው የታመኑ ሰጪዎች ዝርዝር ጋር እያመሳከረ ሰርተፍኬትን ሳይለመን ማረጋገጥ ጀመረ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። በፕሮክሲው በኩል ግን የአባቶቹን ስህተት ወረሰ፤ ኮኔክትን በወጉ የተናገረው በሴፕቴምበር 2013፣ በ2.0 ዕትሙ ነው።

ለውጡን ያፋጠኑ ሁለት ነገሮች አሉ። በ2012 ከቴክሳስ ኦስቲን እና ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ስድስት ተመራማሪዎች፣ ዳን ቦኔ እና ቪታሊ ሽማቲኮቭ ያሉበት ቡድን፣ ከብራውዘር ውጭ ያሉ ፕሮግራሞች ሰርተፍኬትን እንዴት እንደሚያዩ መረመሩ። የጥናታቸው ርእስ ራሱ የዓለማችን እጅግ አደገኛ ኮድ ይህ ነው የሚል ነበር። የአማዞንና የፔይፓል የክፍያ ላይብረሪዎች ሳይቀሩ ወደቁ። የፓይተን የድረ ገጽ ሞጁሎችም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ከሁሉ የሚገርመው በከርል ላይብረሪ ላይ የተገኘው ነው። የሰርቨሩን ስም ለማረጋገጥ መሰጠት ያለበት እሴት 2 ነበር፤ የፒኤችፒ ፕሮግራመሮች ግን «እውነት» የሚለውን እሴት ይሰጡታል፣ ኮምፒውተር ደግሞ «እውነት»ን 1 አድርጎ ያነበዋል፣ በ1 ደግሞ ያኔ ስሙ ከተፈለገው ጋር አይመሳከርም ነበር። ጥንቃቄ ያደረገ ሰው በጥንቃቄው ተበላ።

ቀጥሎ ኤፕሪል 2014 ላይ ኸርትብሊድ ፈነዳ። በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ነው። ማንም ከሩቅ ሆኖ ከሰርቨሩ ሜሞሪ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ማንበብ ይችል ነበር፤ የይለፍ ቃልም፣ ምስጢራዊ ቁልፍም ሊወጣ ይችላል። የፓይተን ሰዎች በዚያው ዓመት ሁለት ውሳኔ አሳለፉ። ፓይተን 2.7 ከጥገና በቀር አዲስ ነገር የማይገባበት አሮጌ ቅርንጫፍ ቢሆንም፣ በኒክ ኮግላን ሐሳብ መሠረት የ3.4ን የምስጠራ ሞጁል ወደ እሱ መለሱ። በአሌክስ ጌይነር ሐሳብ መሠረት ደግሞ ማረጋገጥን ካልከለከሉት በቀር የሚሠራ አደረጉት። ተቃውሞ ነበር። የውስጥ ሰርቨሮቻቸውን ራሳቸው በፈረሙት ሰርተፍኬት የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች አንድ ማለዳ ሥራቸው ሊቆም ነው። ለእነሱ ተብሎ ማረጋገጡን የሚያጠፋ መውጫ በኋላ በሌላ ሰነድ ተቀመጠ። ዲሴምበር 10 ቀን 2014 ፓይተን 2.7.9 ወጣ። ከፓይተን 2.0 ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት አልፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የባንክን፣ የሆስፒታልን፣ የመንግሥትን መረጃ የሚያመላልስ የፓይተን ኮድ ስንት እንደነበር አስቡት፤ ይህን ያህል መዘግየቱን ሰበብ ቢደረደርለትም እኔ ይቅር የምለው አይደለም።

ማረጋገጡ በተጀመረ ማግስት «ሰርተፍኬቱን ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚለው ስህተት በየስክሪኑ ታየ። በማክ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን 3.6ን የጫነ ሰው አብሮት የመጣውን የሰርተፍኬት መጫኛ ሁለቴ ጠቅ ካላደረገ አንድም የኤችቲቲፒኤስ ገጽ አይከፈትለትም። በየቢሮው ያሉ ፕሮክሲዎችም ጠባያቸውን ቀይረው ነበር። ኮኔክትን ተቀብለው ዝም ብለው በማሳለፍ ፈንታ፣ ምስጠራውን መሃል ላይ ፈትተው፣ አንብበው፣ በድርጅቱ በራሱ ሰርተፍኬት እንደገና ያሽጉታል። የቢሮው ብራውዘር ያንን ሰርተፍኬት እንዲያምን የአይቲ ክፍሉ አስቀድሞ አዘጋጅቶታል፤ ሪኩዌስትስ ግን የሚያምነው የሞዚላን ዝርዝር ብቻ ስለሆነ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው ምን አደረገ? «ቬሪፋይ» የሚለውን «ፎልስ» አለው። ላይብረሪው በየጥያቄው ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ ማስጠንቀቂያውንም የሚያጠፋ ሌላ መስመር ጨመረ።

እንመለስበታለን ያልነው «ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ» የተባለው ቫሪያብል ጉድ ያፈላው በጁላይ 2016 ነው። ሲጂአይ በሚባለው አሮጌ አሠራር፣ ድረ ገጹን የጎበኘው ሰው የላከው እያንዳንዱ ሄደር ለፕሮግራሙ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብልነት ይደርሰዋል፤ ከስሙ ፊት «ኤችቲቲፒ» ይታከልበታል። ታዲያ አንድ ተንኮለኛ «ፕሮክሲ» የሚል ሄደር ቢልክስ? በሰርቨሩ ላይ «ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ» የሚባል ቫሪያብል ይወለዳል፤ እሴቱም ተንኮለኛው የጻፈው አድራሻ ነው። ዩአርኤልሊብ ስሙ በትልልቅም ይጻፍ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይቀበላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ወደ ውጭ የሚልከው የኤችቲቲፒ ጥያቄ ሁሉ በተንኮለኛው ኮምፒውተር በኩል ይሄዳል። «ኤችቲቲፒኦክሲ» አሉት። አሳፋሪው ነገር በፐርል ላይ ይኸው ጉድለት በ2001 ታውቆ መታረሙ ነው። ከርልም በዚያው ዓመት በትንንሽ ፊደላት የተጻፈውን ብቻ እንዲቀበል ተደርጓል። ፓይተንን ጨምሮ ሌሎች ግን አሥራ አምስት ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የፓይተን እርማት አጭር ናት፤ ፕሮግራሙ በሲጂአይ ውስጥ እየሠራ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ካየ፣ ያንን ቫሪያብል ችላ ይለዋል። በኤችቲቲፒኤስ የሚሄዱ ጥያቄዎች ከዚህ አደጋ ውጭ ነበሩ፤ የእነሱ ፕሮክሲ የሚነበበው ከሌላ ቫሪያብል ነውና።

ቀጣዩ ጣጣ የመጣው ከመልካም ሐሳብ ነው። ከፕሮግራሙ እስከ ፕሮክሲው ያለው መንገድ ራሱ ቢመሰጠርስ? ያኔ በአንዱ ምስጠራ ውስጥ ሌላ ምስጠራ መክተት ያስፈልጋል። ፓይተን 3.5 ምስጠራን ያለ ሶኬት፣ በሜሞሪ ውስጥ ብቻ የሚሠራበትን መንገድ ከፍቶ ስለነበር፣ ዩአርኤልሊብ 3 በኖቬምበር 2020 በወጣው 1.26 ዕትሙ ይህን እውን አደረገ። ወዲያው ግን የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚጭነው «ፒፕ» አልሠራ አላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ፓይተን ከዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ የፕሮክሲ አድራሻ ሲያነብ፣ ለኤችቲቲፒኤስ ጥያቄዎች በተመደበው ፕሮክሲ ፊት «ኤችቲቲፒኤስ» ብሎ በራሱ ይለጥፍ ነበር። አሮጌው ዩአርኤልሊብ 3 ያንን ችላ ብሎ በግልጽ ይገናኛል። አዲሱ ቃሉን አምኖ፣ ምስጠራ ከማያውቅ ፕሮክሲ ጋር በምስጠራ ለመነጋገር ሞከረ። ለዓመታት ማንም ያላየው ስህተት ኮዱ ትክክል በሆነ ቀን ተገለጠ።

በሜይ 2023 ሪኩዌስትስ 2.31 ወጣ። ከ2.3 ጀምሮ በነበሩት ዕትሞች፣ አንድ ጥያቄ ወደ ኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ሲዛወር የፕሮክሲው የይለፍ ቃል ያለበት ሄደር ወደ ሩቁ ሰርቨር ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ እሱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የወጣው ፓይተን 3.12፣ ሶኬትን ያለ ማረጋገጥ የሚጠቀልለውን አሮጌ ፈንክሽን ጨርሶ ሰረዘው። በ2024 ደግሞ ፒፕ በ24.2 ዕትሙ ሰርተፍኬትን በኮምፒውተሩ በራሱ የእምነት ዝርዝር ማየት ጀመረ፤ የቢሮ ፕሮክሲ ላስቸገረው ሰው ጥሩ ዜና ነው። ኦክቶበር ላይ የወጣው ፓይተን 3.13 ግን ጠበቅ አደረገው። መስፈርቱን በወጉ ያላሟላ ሰርተፍኬት አይቀበልም፤ በየድርጅቱ በችኮላ የተሠሩ የፕሮክሲ ሰርተፍኬቶችም ከዚህ ጋር ይጋጫሉ።

እንዲህ ያለ ስህተት ስክሪንዎ ላይ ከመጣ «ፎልስ» ብለው አይለፉት። የአይቲ ክፍሉን የድርጅቱን ሩት ሰርተፍኬት ፋይል ይጠይቁ፤ የፋይሉን አድራሻ «ሪኩዌስትስ ሲኤ በንድል» በሚባለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ውስጥ ያስገቡ፤ ሰርተፍኬቱ ራሱ ጎደሎ ከሆነ አስተካክለው እንዲያወጡት ይንገሯቸው። ካሁን በፊት የጻፉት ኮድ ውስጥም «ቬሪፋይ ፎልስ» የሚል መስመር ካለ፣ ዛሬውኑ ፈልገው ያውጡት።